በቅሎይቱስ?

ከአይከል እስከ ጎንደር ባለው አገር ስለ መጽሐፍ ቅዱስ አህዮችና በቅሎዎች ከእኔ እኩል የሚያውቅ ሰው የለም። ሊቃውንቱ ቅር እንዳይላቸው፤ እነሱ ነቢያቱን ያውቃሉ፣ እኔ ነቢያቱን የተሸከሙትን አውቃለሁ። አብርሃም ልጁን ሊሠዋ ሲወጣ እንጨት የጫነው አህያ ከተራራው ሥር መቅረቱን፣ በለዓም ያላየውን መልአክ አህያይቱ ማየቷን፣ አቤሴሎም ከዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር በቅሎው ዘወር ብላ ሳታይ መንገዷን መቀጠሏን፣ ዳዊት ሰሎሞንን ሊያነግሥ ሲነሣ አስቀድሞ ያዘዘው በቅሎውን መሆኑን፣ ይህን ሁሉ ገና የወተት ጥርሴ ተነቅሎ ሳያልቅ በቃሌ እለው ነበር።

ያስተማሩኝ የደብራችን ቄስና መምህር መሪጌታ ዕንባቆም ናቸው። ሌሎቹ ተማሪዎች ዳዊት ሲደግሙ እኔ «የኔታ፣ ኖኅ መርከብ ውስጥ በቅሎ ነበረች ወይ?» እያልኩ አስቸግራቸዋለሁ። አንድ ቀን በጭራቸው ዝንብ እያባረሩ፣ «ይህ ልጅ ጳጳስ ካልሆነ ነጋድራስ ይሆናል» አሉ። እኔ ሁለቱንም ንቄ ሾፌር ሆንኩ። ዛሬ ከአይከል ጎንደር እህል የሚያመላልስ አንድ አይሱዙ አለኝ። ሁለት አለው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የሰማው ከእኔው አፍ ነው።

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን አዘዞ እህቴ ቤት ቁጭ ብዬ ለልጇ ለቤዛዊት የአባቴን በቅሎ ታሪክ እነግራት ነበር። ቤዛዊት ሐኪም ቤት የምትሠራ፣ የተማረች፣ እንደ አጎቷ ወሬ የምትወድ ልጅ ናት። እህቴ ጥሩነሽ ደግሞ መስኮቱ ሥር ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች።

«ሸጊት ትባል ነበር» አልኳት ቤዛዊትን። «ነጭ! እንደ ወተት! ስትራመድ ጀርባዋ ላይ ያስቀመጥሽው ብርሌ ጠብታ አያፈስም። ከጭልጋ እስከ ደምቢያ እንዲህ ያለች በቅሎ አልታየችም። አንድ የጦር አለቃ አሥር በሬ እሰጣለሁ ብሎ አባቴ እምቢ አለው።»

«ዳማ ነበረች» አለች እህቴ ቀና ሳትል። «ግራ ጆሮዋም የተቀደደ።»

«ነጭ ነበረች እንጂ!»

«አንተ ከተፈጠርክ ጀምሮ ውሸታም ነህ። ዳማ ነበረች። አስሬ የፈታኋት እኔ ነኝ።»

እሺ፤ ዳማ ትሁን። ስለ እርምጃዋ ግን ማንም ቃሌን አያስለውጠኝም።

አባቴ አያ ላቀው በሀብት ከአገሩ ሰው መካከለኛ ነበር፤ በኩራት ግን ወደር አልነበረውም። ኩራቱም በአራት እግሯ የቆመች ሸጊት ነበረች። ለክርስትና፣ ለለቅሶ፣ ለገበያ በእሷ ይሄዳል። ሌላ ሰው ሲያይ ቀስ ይላል፤ ሰው ከሌለ ደግሞ ወርዶ ይስባታል፣ እንዳትደክም። እናቴ ዓይናዲስ «ለእኔ አንድ ቀን እንዲህ አዝነህልኝ ብታውቅ!» ስትለው፣ «አንቺማ ኮርቻ የለሽ» ይላታል፤ ሁላችንም እንስቃለን።

እህቴ ጥሩነሽ በዚያ ዓመት ሃያ ሞልቷት ነበር። ለአገራችን ልማድ የቆየች ሙሽራ ነች። የጠያቂ እጦት አልነበረም፤ አባቴ ሽማግሌ በመጣ ቁጥር የጠያቂውን ዘር እየቆጠረ «ይህ ለእኔ አይመጥንም» ሲል ነው የቆየችው። በመጨረሻ ከወንዙ ማዶ ባለጸጋው ገብረ ኪዳን ለልጁ ለካሣዬ ጠየቀ። አባቴ ያን ቀን ቁመቱ በክንድ ጨመረ።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ሚዜዎቹ እንደ ደንቡ ሙሽራዋን የሚወስዱበት በቅሎ ሸልመው መጡ። አባቴ ከበር ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«ያችን መልሱ» አላቸው። «የላቀው ልጅ በሰው በቅሎ አትሄድም።»

«አያ ላቀው፣ ደንቡ እኮ...»

«ደንቡን እኔ ነኝ የማውቀው! በሸጊት ትሄዳለች። ለመልስ ሲመጡ በሸጊት ትመጣለች።»

ስለዚህ የእነሱ በቅሎ ባዶ ኮርቻዋን ይዛ ተመለሰች፤ እህቴ ተሸፋፍና በሸጊት ላይ ወጣች፤ ሰዉም ከሙሽራዋ ይልቅ በቅሎይቱን እያየ እልል አለ። እኔ አለቀስኩ። ለማን እንደማለቅስ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ አልተናገርኩም።

በማግሥቱ የምንጠብቀው ነገር ነበረ። በእኛ አገር ሙሽራ ክብሯን ይዛ ከተገኘች፣ ሚዜዎቹ «ብር አምባር ሰበረልዎ» እያሉ እየጨፈሩ ወደ እናትና አባቷ ቤት ይመጣሉ። እኔ የማውቀው ዘፈኑ መልካም እንደሆነ፣ እነሱ ሲመጡ ጠላ እንደሚቀዳ፣ ለእኔም ዳቦ እንደሚቆረስ ነበር። እናቴ ለዚሁ ብላ አንድ ጋን ሳትከፍት አስቀምጣለች። ሴቶቹ ከበሮውን ፀሐይ ላይ እያሞቁ ተቀምጠዋል። አባቴ በር ላይ ቆሟል።

ፀሐይዋ ወጣች። ከፍ አለች። ዘፈን የለም። ሴቶቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ ቀጥሎ ያወሩ ነበር፤ ቀጥሎ ሹክ ይሉ ነበር። እናቴ «መንገዱ ሩቅ ነው» አለች። አንዷ ሴት ከበሮውን ቀስ ብላ ከፀሐይ ወደ ጥላ መለሰችው።

እኔ የጭድ ክምሩ ላይ ወጣሁ። ከዚያ ሆኜ አገሩን ሁሉ፣ ጣናንም፣ ሱዳንንም አያለሁ።

«ጣና ከዚያ አይታይም» አለች እህቴ።

ከወንዙ ወዲህ ባለው መንገድ አንዲት አህያ ትመጣለች። አንድ ጎልማሳ ከኋላ ይነዳታል። ጭነቱ ነጭ ነው። እህል መሰለኝ። ቀረብ ሲል ጭነቱ ጥሩነሽ ሆነች።

እንግዲህ እዚህ ላይ ያ የሊቅ ጭንቅላቴ ሠራ። በእኛ አገር አህያ ላይ ሰው አይወጣም፤ በተለይ ሴት፤ በተለይ ሙሽራ። አህያ የእህልና የጨው ነው። ሰው ፈረስ ወይም በቅሎ ከሌለው በእግሩ ይሄዳል እንጂ አህያ ላይ ተቀምጦ አይታይም። ይህንን ሕፃን እንኳን ያውቃል። ሌላው ሕፃን የማያውቀው፣ እኔ ግን የማውቀው ነገር ነበረ። መሪጌታ ዕንባቆም ለሆሳዕና ሲያስተምሩ «የምድር ነገሥታት በፈረስና በበቅሎ ይመጣሉ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ንጉሥ ግን በአህያ ላይ ተቀምጦ መጣ» ብለዋል። ነገሩ ገባኝ። እህቴ ትናንት እንደ ሰሎሞን በበቅሎ ሄደች፤ እዚያ ቤት ምን እንዳገኙባት እንጃ፣ በአንድ ሌሊት ከሰሎሞን በላይ ሾመዋታል!

ከክምሩ ዘልዬ ወረድኩ። የአባቴ አዲሱ የሠርግ ጋቢ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል፤ ያዝኩት። ከዳሱ ወለል ላይ የተጎዘጎዘውን ቄጤማ በክንዴ አፈስኩ። ቁልቁል ሮጥኩ። ከኋላዬ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ፣ ሃምሳ ይሆናል...

«አንተና ውሻው ነበራችሁ» አለች እህቴ።

...ከኋላዬ ውሻው ተከተለኝ። ጋቢውን መንገዱ መሀል አነጠፍኩ፣ ቄጤማውን በተንኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሆሳዕና በአርያም!» አልኩ። «ሆሳዕና ለዳዊት ልጅ!»

አህያ ነጂው ቆመ። «ምነው፣ ይህ ልጅ አብዷል?»

ጥሩነሽ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ዓይኗ አብጧል። ጋቢውን አየች፣ ቄጤማውን አየች፣ ውሻውን አየች። ከዚያ ሳቀች። የእህቴን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ ይህኛውን ግን አላውቀውም። እየሳቀች ሳለ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ሳቁ አለቀ፣ መንቀጥቀጡ ግን አላቆመም።

«ሸጋ አቀባበል ነው፣ ማንዬ» አለችኝ።

አህያይቱ ግን መጽሐፍ ስላልተማረች ጋቢው ላይ ቆማ ፋንድያዋን ጣለችበት።

እስከ በራችን ድረስ እየዘመርኩ መራኋቸው። ሴቶቹ ከዳሱ ወጥተው ተደርድረዋል፤ እልል የሚል የለም። አንደበታቸው በክብሯ ብዛት የተያዘ መሰለኝ። እናቴ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። ነጂው ለአባቴ እጅ ነሣ፤ ቃሉም ትሕትና የተሞላ ነበር።

«አያ ላቀው፣ ዕቃዎን ይረከቡ ተብለዋል። አህያዬንም ቶሎ ይልቀቁልኝ፤ የማነሣው እህል አለ።»

አባቴ ጥሩነሽን አላያትም። በራሷ ላይ አሳልፎ መንገዱን፣ ከመንገዱም ወዲያ ወንዙን አየ። እንደገና አየ። ከዚያ ወደ ነጂው ዞረ።

«በቅሎይቱስ?» አለው።

ይህንን ስናገር ቤዛዊት ሳቀች፤ እኔም እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ሰው እንደሚስቅ ስለማውቅ ትንሽ ጊዜ ሰጠኋት። እናቷን አየችና ሳቋን አቆመች። ጥሩነሽ ምስሯን ትለቅማለች።

ያን ቀን የበላሁትን ዱላ የትኛውም ሰማዕት አልበላውም። አባቴ የመታኝ በሸጊት አለንጋ ነበር፤ አለንጋው ቤት ቀርቶ ኖሯል። የተመታሁት ስለ ጋቢው መስሎኝ «አህያይቱ ናት! አህያይቱ ናት!» እያልኩ ጮኽኩ። ያልተከፈተውን ጋን ጠላ እናቴ በማግሥቱ ከጓሮ ደፋችው። ያን ሁሉ ጠላ መሬት ሲጠጣው ቆሜ አየሁ፤ ለምን ለእንግዳ አልተቀዳም ብዬ አዘንኩ።

ከዚያ በኋላ ጥሩነሽ ጓዳ ውስጥ ተቀመጠች። ውሃ የምትቀዳው ሌሎቹ ሴቶች ከወንዝ ከተመለሱ በኋላ ነው። ጎረቤት እናቴን ሲያገኝ «እግዜር ያውቃል» ይላል፤ አባቴን ሲያገኝ «እንዲያው በቅሎይቱን እንዴት ይዘው ይቀራሉ!» ይላል። ስለዚህ የደረሰብን መከራ የበቅሎ መከራ እንደሆነ ገባኝ። ገብረ ኪዳን ሸጊትን ይዞ ቀርቷል፤ ጥሩነሽም የተመለሰችው ይህንን ልትነግረን ነው። ከሚዜዎቹ አንዱ ለአጎራባች ልጅ «ሙሽራው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አደረ» ብሎ አውርቶለት፣ ልጁ ለእኔ ነገረኝ። ሕዝቅያስም ታሞ ሳለ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ጸለየ። ካሣዬ ጸሎተኛ ሰው ነው ብዬ ወደድኩት።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ አጥሩ ሥር ተቀምጦ የሸጊትን አሮጌ ልጓም ይጠግናል፤ በቅሎዋ ባትኖርም ልጓሙን በየቀኑ ይነካካዋል። እኔ ግራሩ ላይ ነኝ። ጥሩነሽ ከጓዳ ወጥታ መጣች፤ እግሩ ሥር ተንበረከከች። ብዙ ተናገረች። አልሰማሁም፤ ግን እጇን ደረቷ ላይ ስታደርግ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስትጠቁም አየሁ። አባቴ ወስፌውን ቆዳው ላይ እንደሰካ እጁን ገታ። አንድ ነገር ጠየቃት። መለሰችለት። ወስፌውን ስቦ አወጣው፣ መስፋቱንም ቀጠለ። ስለ ሸጊት ደኅንነት እየነገረችው መሰለኝ።

ይህንንም ለቤዛዊት ነገርኳት፤ «ከዚያ ቀን በኋላ ነው አባታችን ቆርጦ የተነሣው» ብዬ ልቀጥል ስል እህቴ ሰፌዱን ከጭኗ አወረደች።

«ምን እንዳልኩት ልንገርህ?» አለችኝ።

«ስለ በቅሎይቱ አይደለም?»

«ካሣዬ አልነካኝም አልኩት። ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ አደረ፤ ሲነጋ አለቀሰ፤ አባቱ ገብቶ ነገሩን ሲያውቅ፣ 'የልጄ ስም ከሚጠፋ ያንቺ ስም ይጥፋ' አለኝ። ይህን ሁሉ ነገርኩት። 'አባዬ፣ ከቤትህ እንደወጣሁ ነኝ። ባልቴቶች ይዩኝ። ደጀ ሰላም ቆሜ ልማል' አልኩት።»

ቤዛዊት ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «አያቴ ምን አለሽ?»

«'ሸጊትን ውሃ ያጠጧታል ወይ?' አለኝ።»

እኔ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ አባቴ የእህቴን ንጽሕና አያውቅም ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት። ለማንም አላወራሁትም፤ ግን ከሌላው ወሬዬ ሁሉ ሥር ያ ነበረ። ባያውቅ ነው። ቢያውቅማ!

ያውቅ ነበር። ሽማግሌ ፊት የቆመው እያወቀ ነው።

ሽምግልናው በእኛ አውድማ ሆነ። መሪጌታ ዕንባቆም መሀል ተቀመጡ። ገብረ ኪዳን ወገኖቹን ይዞ መጣ፤ ካሣዬም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ከአባቱ ኋላ ተቀመጠ። እኔ ከበሬዎቹ መሀል ሆኜ እሰማለሁ። ገብረ ኪዳን እንዲህ አለ፦ «በሠርጌ ቀን ተዋርጃለሁ። የመጣብኝን ነውር ሁላችሁ ሰምታችኋል። በቅሎይቱ ለውርደቴ ካሣ ትቀራለች።» አባቴም «በቅሎዬ ምን አደረገች?» አለ። ይህንኑ እየተመላለሱ ፀሐይ ከረረባቸው። ሽማግሌዎቹ ደከሙ።

እዚህ ላይ እውቀቴ እንደሚያስፈልግ ታየኝ። ስለ ጠፋ የጭነት ከብት ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ተነሣሁ። ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆምኩ።

«አባቶቼ፣ በመጽሐፈ ሳሙኤል አለ» አልኩ።

ገብረ ኪዳን «ይህ ደግሞ የማነው?» አለ።

«ይናገር» አሉ መሪጌታ፤ ተማሪያቸው ስለሆንኩ ሳይኮሩብኝ አልቀሩም።

«ቂስ የሚባል ሰው ነበር። አህዮቹ ጠፉበት። ልጁን ሳኦልን ሂድና ፈልግ አለው። ሳኦልም ተራራውን ዞረ፣ አላገኘም፤ ቆላውን ዞረ፣ አላገኘም። ሲደክመው ብላቴናውን እንዲህ አለው፦ 'ና እንመለስ፤ አባቴ ስለ አህዮቹ ማሰብ ትቶ ስለ እኛ እንዳይጨነቅ።'»

ልቀጥል ነበር። ከዚህ በኋላ ሳኦል አህያ ፍለጋ ሄዶ መንግሥት የሚያገኝበት አለ፤ ጣፋጩ እሱ ነው። ግን አንዱ ሽማግሌ በዘንጉ ጫፍ መሬት ይጭር ጀመር። መሪጌታ ጭራቸውን ወደ ፊታቸው አነሡ፤ ዝንብ ግን አልነበረም። ካሣዬ ብቻ በጋቢው ላይ አሻግሮ አየኝ፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ የአውድማው ገለባ ገብቶበት መሰለኝ። ንግግሬ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንደረታቸው አልተጠራጠርኩም። አገር በሙሉ በአንድ ሕፃን ቃል ሲንበረከክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ።

«ውጣ ከዚህ!» አለኝ አባቴ።

በሬዎቹ ጋ ተመለስኩ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ላቀው» አሉ በዝግታ። «በቅሎይቱን ነው የምትጠይቀው ወይስ ልጅቷን?»

«ልጅቷማ ቤቴ ናት፣ የኔታ። የጎደለችኝ በቅሎዬ ናት።»

አባቴ ያን ጊዜ ቆመ። ጋቢውን አስተካከለ፤ ያው ጋቢ ነው፣ ታጥቧል። ወደ ገብረ ኪዳን ሳይሆን በቀጥታ ወደ ካሣዬ ጠቆመ።

«እንግዲያው ልጅህ ይማል» አለ። «እሑድ ሕዝቡ ሳይበተን ደጀ ሰላም ይቁም። መሪጌታ መስቀሉን ይያዙለት። ሚስቴን አገኘኋት፣ ነውረኛ ሆና አገኘኋት ብሎ ይማል። ከማለ በቅሎዬን ውሰድ፤ አጥሬንም ጨምር።»

ካሣዬ አንገቱን ቀበረ። የገብረ ኪዳን ፊት አመድ መሰለ። ከወገኖቹ አንዱን ወደ ጆሮው ጠራ፤ ቶሎም መለሰው።

«ለአንዲት በቅሎ መሐላ ምን ያደርጋል» አለ። ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም። «ውሰዳት። ነገሩ ግን እዚህ ይሙት። ከአንተም ወገን ከእኔም ወገን ማንም አያንሣው። ልጅቷም።»

ያን ጊዜ የእህቴ ስም በአባቴ እጅ ላይ ነበረ። «የለም፣ ይማል» ቢል ኖሮ ያበቃ ነበር። ገብረ ኪዳን ፈርቷል፤ ሽማግሌዎቹም መፍራቱን አይተዋል፤ አንድ ቃል ይጠብቃሉ። እናቴ ከቤቱ በር ቆማ አጎዛ ይዛለች።

አባቴ አሰበ።

«ኮርቻዋንም» አለ።

«ኮርቻዋንም» አለ ገብረ ኪዳን።

መሪጌታ ዕንባቆም መስቀላቸውን አወጡ። ነገሩን ያነሣ፣ ያወራ፣ የጠየቀም ያስጠየቀም እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን ብለው ገዘቱ። ሲገዝቱ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ወትሮ ግዝታቸው እስከ ወንዙ ይሰማ ነበር። እኔ ግን የገባኝ አባቴ ማሸነፉ ነው። ሸጊትን ለማምጣት ከተላኩት ጋር አብሬ ሄድኩ፤ ወንዙን ስንሻገር ጀርባዋ ላይ አስቀመጡኝ። ሰሎሞን በዳዊት በቅሎ ወደ ግዮን ሲወርድ የተሰማውን እኔ ወንዛችን ላይ ተሰምቶኛል። የመንደሩ ሰው ወጣ። «እሰይ! አያ ላቀው፣ እንኳን ደስ ያለህ!» አሉ። ለጥሩነሽ መምጣት ያልተሰማው እልልታ ያን ቀን ተሰማ።

አባቴ ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ በአይከል ገበያ ቀን፣ በሰንበቴ፣ በለቅሶ ቤት ይህንን ያወራ ነበር። «በቅሎዬን ወስደውብኝ ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ ተናግሬ ከነኮርቻዋ አስመለስኳት» ይላል። ሰዉ ይደነቃል። እኔም ከእሱ ተቀብዬ በመንገድ ለተሳፋሪ፣ በመናኸሪያ ለሾፌር አወራሁት፤ በቅሎይቱን ነጭ ያደረግኳት እኔ ነኝ፣ የጦር አለቃውንም የጨመርኩት እኔ ነኝ። በአባቴ ወሬ ውስጥ ሴት ልጅ የለችም። በእኔ ውስጥ ያለችው አህያ ላይ ተቀምጣ ሰው እንድታስቅ ነው።

«ምነው ቀድመሽ ሳትነግሪኝ?» አልኳት ጥሩነሽን፣ እዚያው አዘዞ።

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለች።

ሸጊት ግቢ ስትገባ ጥሩነሽ በሩ አጠገብ ነበረች። አባቴ «ገለባ አምጪላት» አላት፤ አመጣች። ኮርቻዋን ፈታች፣ ሆዷን በጭድ አሸችላት፣ ውሃ አቀረበችላት። በቅሎይቱ አፍንጫዋን ጥሩነሽ ትከሻ ላይ አደረገች። አባቴ አጎንብሶ የፊት እግሯን ሰኮና አንሥቶ ያያል፤ «ጎድተዋታል፣ እነዚህ አረመኔዎች! ሰኮናዋን ተመልከቱልኝ!» ይላል። ጎረቤቶቹ ከበው ያያሉ።

ጥሩነሽ ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ በነጠላ የተቋጠረ ትንሽ ነገር ይዛለች። አባቴ አጠገብ ቆመች።

«አባዬ፣ እሷ ገብታለች» አለችው። «እኔ ልውጣ።»

አባቴ ሰኮናውን እንደያዘ ነው። «ወዴት?»

«ጎንደር።»

«በጎንደር ማን አለሽ?»

«የሚያውቀኝ የለም።»

እናቴ «ኧረ ላቀው! ኧረ በእመቤቴ፣ ልጅህ እኮ ናት!» አለች።

«ተያት፤ ርቃ አትሄድም። ሲርባት ትመለሳለች» አለ፤ የሸጊትን ሌላኛውን እግር አነሣ።

ጥሩነሽ በአጠገቤ ስታልፍ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ገበያ የምትሄድ መስሎኝ «ከረሜላ አምጪልኝ» አልኳት። «እሺ» አለች። ዛሬም አዘዞ በሄድኩ ቁጥር ከረሜላ ሰጥታኝ አታውቅም፤ እኔም አልጠይቃትም። ከግቢው ወጣች። እናቴ ተከትላ እስከ በሩ ደረሰችና እዚያው ተቀመጠች፤ ጎረቤቶቹ ዓይናቸውን ከሰኮናው ላይ አላነሡም። ጥሩነሽ ሜዳውን ይዛ ወደ ትልቁ መንገድ ወረደች። አልቸኮለችም። ቋጠሮዋን አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ እጇ ስታዞር አየኋት።

ያን ጊዜ አባቴ ቀና አለ። በሩን አየ፣ መንገዱን አየ፣ ሰኮናውን ለቀቀው። ወደ በሩ ሮጠ። አባቴ ሲሮጥ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች፤ ሁላችንም ጠበቅን።

«ጥሩነሽ!» ብሎ ተጣራ።

ቆመች። ዞረች።

«መዝጊያውን!» አላት። «መዝጊያውን ዝጊው እንጂ፣ በቅሎይቱ ትወጣለች!»

ቋጠሮዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ያንን ሜዳ ሁሉ ተመልሳ መጣች። መዝጊያውን ከአጥሩ ላይ አነሣችው፣ ከበሩ ገጠመችው፣ ጠፍሩንም ከውጭ በኩል አሰረችው።